ምጣድ በዲቫይደር የማይሰካ አገር መኪናውን ለምን ይሰካል?

አሰላም ሆነ በቆጂ፣ ኢተያም ሆነ ሳጉሬ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ምጣድ እንደ ሬዲዮና እንደ ስልክ ቻርጀር በተገኘው ቀዳዳ አይሰካም። ኤሌክትሪሺያኑ ለምጣድ ብቻ ወፍራም ሽቦ ይስባል፣ ለብቻው ብሬከር ያስቀምጥለታል። አንድ ልጅ ተሳስቶ ምጣዱን ቴሌቪዥን በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ሊሰካ ቢሞክር ከጓዳ እስከ ሳሎን ጩኸት ይነሳል። ይህን ለማወቅ ማንም ዩኒቨርሲቲ አልገባም። የቀለጠ ሶኬት ሽታ ያስተማረው የቤት ዕውቀት ነው።

ያው ቤት የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት ይረሳል። ከሱቅ አንድ ነጭ ዲቫይደር ይገዛል፣ በመስኮት ይወጣል፣ በግቢው ጭቃ ላይ ይዘረጋል፣ አይበቃም ሲባል ሌላ ዲቫይደር ይቀጠልበታል፣ መጋጠሚያው ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ይጠቀለላል። ከዚያ መኪናው ይሰካና ቤተሰቡ ይተኛል። ጠዋት ባትሪው ሞልቶ ሲገኝ «ይሠራል» ይባላል።

መሥራቱ አያከራክርም። የሚያከራክረው እስከ መቼ እንደሚሠራና የመጨረሻዋ ሌሊት ስትመጣ መስኮቱ ሥር ማን ተኝቶ እንደሚገኝ ነው።

ከምጣድ የባሰ ምጣድ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ከመኪና ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር እንደ ዓይነቱ ከ2 እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ላይ ላዩን ሲታይ መኪናው ይሻላል። ልዩነቱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ምጣድ አንድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ያርፋል፤ በዚያ ላይ ፊቱ ሰው ቆሟል። ሽታ ቢመጣ ጋጋሪዋ ትሸተዋለች፣ እጇን ሰድዳ ትነቅለዋለች። መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ይስባል፣ ያኔም ነቅቶ የሚጠብቅ የለም።

ከአሰላ አዳማ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰው አዳማ ደርሶ ሲመለስ 150 ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ ሲመለስም ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። መካከለኛ መጠን ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ለዚህ ጉዞ 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል እንበል። ቻርጀሩ 10 አምፔር ቢስብ፣ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎ ዋት ነው። የወጣውን ለመመለስ 11 ሰዓት ይፈጃል፤ የሚባክነው ሲጨመር 12 ሰዓት ይጠጋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተሰክቶ ንጋት 12 ሰዓት ይነቀላል ማለት ነው። በሳምንት አራትና አምስት ቀን እንዲህ የሚመላለስ ሰው ምጣድ ቀርቶ ወፍጮ ቤት የሚያህል ሥራ ለአንድ ቀጭን ገመድ ሰጥቷል።

ገመድ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል። ሙቀቱ ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አያድግም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 20 ሜትር ርዝመት ያለውና መዳቡ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ገመድ 13 አምፔር ሲያልፍበት 160 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይለውጣል። በዚያው ርዝመት ባለ 2.5 ገመድ ቢሆን ሙቀቱ ወደ 50 ዋት ይወርዳል። ቀጭኑ ገመድ ከነጥቅሉ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ወይም ምንጣፍ ሥር ካለፈ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ሁለቱ ሽቦዎች ይቀራረባሉ።

ከገመዱ የባሰው ደግሞ መጋጠሚያው ነው። የላላ ሶኬት፣ የዛገ የስፒና እግር፣ በጣት የተጠመዘዘ ቅጥያ፣ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ተቃውሞ ይጨምራል። 0.1 ኦም ብቻ የጨመረ መጋጠሚያ 13 አምፔር ሲያልፍበት በጥፍር በምታክል ቦታ 17 ዋት ያመነጫል። 0.2 ኦም ሲደርስ 34 ዋት ይሆናል፤ ይህ ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት የመበየጃ ብረት ጉልበት ነው። የመበየጃ ብረት በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ዘግቶ፣ መጋረጃ ሥር አስቀምጦ፣ 12 ሰዓት ለኩሶ የሚተኛ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? በየሌሊቱ የሚደረገው ግን ያው ነው።

«ብሬከር አለን» የሚል መልስ ይሰማል። ብሬከር የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። 20 አምፔር ብሬከር 13 አምፔር ሲያልፍ ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ይተኛል። ከሶኬቱ በኋላ የተሰካው ገመድ እንደ ክር የቀጠነ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የላላው መጋጠሚያ ሲግልም አምፔሩ አይጨምርምና ብሬከሩ አይወርድም። በመኪናው ገመድ ላይ ያለው የቻርጀር ሣጥንም ቢሆን በዋናነት የሚቆጣጠረው ከእሱ ወደ መኪናው የሚሄደውን ነው። በግድግዳውና በሣጥኑ መሀል ያለው ዲቫይደር ጠባቂ የለውም።

እምቢ ያለውን ሶኬት ማን አስገደደው?

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ የመጡት ከቻይና ነው፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩም በርካታ ናቸው። ስለዚህ የራሷ የቻይና ደንብ ምን እንደሚል ማወቅ ተገቢ ነው። የቻይና የቻርጅ ደረጃ ከተራ ሶኬት ለሚሞላ መኪና ጥብቅ ጣሪያ አለው። ስፒናው የ16 አምፔር ከሆነ ቻርጀሩ ከ13 አምፔር በላይ መሳብ የለበትም፤ የ10 አምፔር ከሆነ ከ8 በላይ መሳብ የለበትም። መኪናውን የሠራችው አገር ራሷ «16 የተጻፈበትን ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ በ16 አትጫኑት» ብላ ደንግጋለች። በአሜሪካም 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ጭነት «ቀጣይ ጭነት» ይባላል፣ መስመሩም ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ አይጫንም። ዓለም አቀፉ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ ደግሞ ለመኪና ቻርጅ የሚሆን መስመር ለብቻው እንዲዘረጋ ይጠይቃል። ይህ ማንም የአርሲ ቤት ለምጣዱ ሲያደርገው የኖረው ነው።

ሌላም አለ። የቻይናው የ16 አምፔር ስፒና ሦስት ጠፍጣፋ እግሮች አሉት፤ ከ10 አምፔሩ ይበልጣል። ትልቅ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ በ10 አምፔር ሶኬት እንዳይገባ። መጠኑ ራሱ «እዚህ አትሰካኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። በኢትዮጵያ ግን ሶኬቱ ለክብ እግር የተሠራ ነውና መኪናው ደጅ ሲደርስ ስፒናው አይገባም። መፍትሔው ምን ሆነ? ከሱቅ ትንሽ መቀየሪያ ይገዛል፤ ከፊቱ ሁሉን ዓይነት እግር የሚቀበል፣ ከኋላው ሁለት ክብ እግር ያለው። ማስጠንቀቂያው በጥቂት ብር ዝም ተባለ።

እነዚህ ሁሉን ተቀባይ ሶኬቶች የችግሩ እምብርት ናቸው። ጠፍጣፋውንም፣ ክቡንም፣ የእንግሊዙንም፣ የቻይናውንም እንዲያስገባ ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ ማንኛውንም አጥብቆ አይዝም። የስልክ ቻርጀር ለሚያስበው ትንሽ ኃይል ይበቃል። ለመኪና ሲሆን ግን እግሩ የሚነካው በጫፉ ብቻ ነው፣ ኃይሉ ሁሉ በዚያች ጫፍ ያልፋል፣ ቦታው ይግላል። ሲግል ጅማቱ ይላላል፤ ሲላላ ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ይህ አዙሪት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለው ክርክር ከንቱ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ትናንት ደህና ያደረው መጋጠሚያ ዛሬ ከትናንቱ ደክሟል።

ኧርዝ የሌለው ግቢ

ሁለት ክብ እግር ብቻ ያለው መቀየሪያ ሦስተኛውን ሽቦ፣ ኧርዙን፣ በልቶታል። አብዛኞቹ የመኪና ቻርጀሮች ይህን ያውቃሉ። ኧርዝ ሲያጡ ቀይ መብራት ያበራሉ፣ አንሞላም ይላሉ። በዚህ ጊዜ መፈለግ ያለበት ኧርዝ የሚቀብር ባለሙያ ነው። የሚገኘው ግን አንዳንዴ ኒውትራሉን ከኧርዙ አገናኝቶ ቻርጀሩን «የሚያታልል» እጀ ፈጣን ነው። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ባለቤቱ ያመሰግናል፣ ገንዘብ ይከፍላል።

የከፈለው ለምን እንደሆነ ይወቀው። በዚያ አሠራር ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ ወይም ስፒናው ተገልብጦ ቢሰካ 220 ቮልት የመኪናው ቆርቆሮ ላይ ይወጣል። ክረምት ነው፣ መሬቱ ርሷል፣ ልጁ በባዶ እግሩ የመኪናውን በር ሊከፍት ይመጣል። ቀሪውን መጻፍ አያስፈልግም። ቻርጀርን ማታለል የፍሬን መብራት ሲበራ አምፖሉን እንደ መንቀል ነው፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ፍሬኑ ግን እንደተበላሸ ነው።

ደጋው አርሲ የራሱ ጠባይ አለው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በቆጂ ከዚያም ከፍ ትላለች፤ የጭላሎ ራስ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ለቤት የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ አቅማቸው የሚለካው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ስለሚሆን ዕቃው በቀላሉ አይቀዘቅዝም። ልዩነቱ ትልቅ ባይሆንም በጠርዝ ላይ ለሚሠራ ርካሽ ዕቃ ይቆጠራል። ከዚያ ዝናቡ አለ፣ በረዶው አለ፣ ጭቃው አለ። ፌስታል ውኃ እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል፤ የገባው እንዳይወጣ ማድረጉ ግን እርግጥ ነው።

እስከ ግድግዳው ድረስ የመጣው ፖሊሲ

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ መብት ሰጠ። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንደማይገባ አስታወቁ። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ከአገር ወንዝና ከአገር ነፋስ ይመጣል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። አርሲም ባዶ እጇን አይደለችም። ኢተያ አካባቢ በ29 ተርባይኖች 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተተክሏል። በደቡብ በኩል፣ በዋቤ ሸበሌ ላይ፣ 153 ሜጋ ዋት አቅም ያለው መልካ ዋከና አለ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ኃይል ከግድብና ከተራራ ተነስቶ፣ በብረት ምሰሶ ተሻግሮ፣ በትራንስፎርመር ወርዶ፣ ቆጣሪ ድረስ ከመጣ በኋላ የመጨረሻዎቹን 10 ሜትሮች በማን ላይ ይጓዛል? ማንም ባልመዘነው፣ ማንም ባልመረመረው ዲቫይደር ላይ። ስለ ቀረጥ ብዙ ተባለ። ስለ ሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎችም ተወራ። ስለ ቤቱ ግድግዳ ግን የሚጮህ ድምፅ ትንሽ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ የሚኖር የመኪና ባለቤት ግን ዋና ነዳጅ ማደያው ያ ግድግዳ ነው።

አርሲ ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ኖራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ብቻ አላመጣም። ብድር አመጣ፣ መንገድ ሠራ፣ ማሳው ድረስ ወርዶ የሚያስረዳ ሠራተኛ ላከ። አሰላ «ኤክስቴንሽን» የሚለውን ቃል ቀድማ የሰማችው በዚህ ትርጉም ነው፤ ዕቃ ብቻውን አይላክም፣ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ዛሬ መኪናው መጣ፣ ኤክስቴንሽን የሚለው ቃል ግን ፕላስቲክ ገመድ ብቻ ሆኖ ቀረ።

የካዱ ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። ትራክተር ሲመጣ ባለመሬቶች ጭሰኛውን እያስነሱ ራሳቸው ማረስ ጀመሩ። ቴክኖሎጂው ጥሩ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን መሬት ያልነበረው ሰው ነው። የዛሬው ጭሰኛ ተከራዩ ነው። አከራዩ ቪላ ውስጥ ሆኖ መኪናውን ይሰካል፤ ሦስትና አራት ሰርቪስ ክፍሎች ከአንድ ቆጣሪ ይጋራሉ፤ ገመዱ በአንዷ ክፍል መስኮት ሥር ያልፋል። ግድግዳው ጭቃና እንጨት ነው፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። ገመዱ ቢነድ መጀመሪያ የሚነደው የማን ክፍል ነው? መኪና የሌላት ተከራይ የሌላ ሰው መኪና በሚሞላበት ሌሊት ልጆቿን አቅፋ ትተኛለች፣ አስተያየቷን የጠየቃት የለም።

«ተጋነነ» ለሚሉ

አንደኛው ክርክር «ቤንዚን ይብሳል» የሚል ነው። እውነት ነው። ቤንዚን በጀሪካን ሞልቶ አልጋ ሥር ማስቀመጥ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። የኤሌክትሪክ መኪናም በተፈጥሮው እሳት አይደለም። ይህን ጽሑፍ «ኤሌክትሪክ መኪና ይቅርብን» ለማለት የሚጠቅስ ሰው አንብቦ አልጨረሰውም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። አንድ ቤት በዲቫይደር ቢቃጠል ሰፈሩ «ዲቫይደሩ አቃጠለ» አይልም፤ «የኤሌክትሪክ መኪናው አቃጠለ» ይላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል። ያኔ ለቴክኖሎጂው የቆመ ሁሉ በጥቂት ብር ዕቃ ምክንያት አንገቱን ይደፋል።

ሁለተኛው «የድሃ አገር ነን፣ ይህ የሀብታም ቅንጦት ነው» ይላል። ሀብታሞቹም እዚያው ናቸው። በብሪታንያ ኤሌክትሪካል ሴፍቲ ፈርስት የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ ከተጠየቁት የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆኑት በቅርባቸው የሕዝብ ቻርጅ ጣቢያ በማጣት ለደጅ በማይሆን ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ መኪናቸውን እንደሚሞሉ ተናግረዋል። ሰው የትም ሰው ነው፤ ቀላሉን ይመርጣል። ልዩነቱ እዚያ ጥናት ተጠና፣ ሰውም ተነገረው።

ዋጋውንም እንየው ከተባለ ይታያል። ለመኪናው ሚሊዮኖች ብር የከፈለ ሰው ለጥቂት ሜትር ባለ 4 ሽቦ፣ ለአንድ ብሬከር፣ ለአንድ ጠንካራ ሶኬት፣ ለአንድ የኧርዝ ዘንግና ለአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ አቅም አነሰኝ ቢል አያምርበትም። ለወንበር ልብስና ለመስታወት ጥቁር ወረቀት የሚያወጣውን ቢያስብ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ክርክር ግን ሚዛን አለው። «ቤቱ የእኔ አይደለም፤ አከራዩ ግድግዳ አያስበሳኝም» የሚል መኪና ያለው ተከራይ እውነተኛ ችግር አለበት። ለእሱ «መስመር ዘርጋ» ማለት ብቻ መልስ አይሆንም። ኤክስቴንሽን ግድ ከሆነ የትኛው እንደሚሻል ሊነገረው ይገባል።

ግድ ከሆነ

የሁሉ መጀመሪያ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ ዲቫይደር ለመኪና አይሆንም። ዋጋው ቢወደድም፣ ማብሪያው ቢያበራም፣ «3000 ዋት» ተብሎ ቢጻፍበትም አይሆንም። የሚፈለገው ከአንድ ስፒና ተነስቶ በአንድ ሶኬት የሚያበቃ ገመድ ነው፤ ሁለቱም ጫፎች 16 አምፔር የሚችሉ፣ ኧርዝ ያላቸው። ተዘጋጅቶ ካልተገኘ ባለሙያ ሊገጥመው ይችላል።

ገመዱ በውስጡ ሦስት ሽቦ ይኑረው፤ እያንዳንዱ ቢያንስ ባለ 2.5፣ ከ20 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ባለ 4። ሽፋኑ ወፍራም የጎማ ቢሆን ለደጅ ይሻላል። ሽቦው መዳብ ነው ተብሎ ሲሸጥ ጫፉ ተልጦ ይታይ፤ በቢላ ሲፋቅ ነጭ የሚሆን ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የስፒናውን እግር ማግኔት ከሳበው ብረት ነው፤ ይቅር። በገመዱ ላይ የውፍረት ቁጥር ካልተጻፈ ሻጩ የሚናገረው ቁጥር ዋጋ የለውም።

በማጠንጠኛ ላይ የሚመጣ ገመድ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። ብዙዎቹ ማጠንጠኛዎች ላይ ሁለት ቁጥር የተጻፈው ለዚህ ነው፤ ተጠቅልሎ የሚችለው ከተዘረጋው ሲሦ አካባቢ ሊሆን ይችላል። በገመድ ላይ ገመድ አይቀጠል። መጋጠሚያው መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ከጭቃ ከፍ ብሎ፣ ዝናብ በማይደርስበት፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ይንጠልጠል። በምንጣፍ ሥር፣ በበር መሀል፣ በተኛ ሰው ራስጌ አይለፍ።

ብዙ ቻርጀሮች አምፔር መቀነሻ አላቸው። 8 አምፔር ላይ ማድረግ ከአንድ ሌሊት ብዙ አያጎድልም፤ በ12 ሰዓት 21 ኪሎ ዋት ሰዓት ከግድግዳው ይወጣል፣ የሚባክነው ተቀንሶም ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ይተርፋል። ሙቀቱ ግን ከ13 አምፔሩ ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ይወርዳል። ገመድ ለመግዛት ገንዘብ ያጠረው ሰው ይህን ለማድረግ አንድ ሳንቲም አይጠየቅም።

የመጨረሻው ፈተና እጅ ነው። መኪናው ከተሰካ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ስፒናውና ሶኬቱ ከውጭ በኩል በደረቅ እጅ ይነኩ። ለብ ማለት ያለ ነው። እጅ የማያስቆይ ከሆነ፣ ቀለሙ ከቡኒ ወደ ጥቁር ከሄደ ወይም የዓሣ ዓይነት ሽታ ከመጣ ቻርጁ ያኔውኑ ይቁም፣ ብሬከሩ ይውረድ፣ ሶኬቱ ይቀየር። «ነገ አሠራዋለሁ» የሚባልበት ሌሊት አይደለም። በመስመሩ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ሲያገኝ የሚቆርጥ ብሬከር ማስገጠም ደግሞ ለሰው ሕይወት ነው።

ዕዳው የማን ነው?

ይህን ሁሉ ገዢው ለብቻው ተምሮ ለብቻው እንዲሸከም መተው ፍትሕ አይደለም። ከመኪናው ትርፍ ያገኘ አስመጪ የማይገባ ስፒና ያለው ቻርጀር አስረክቦ «እዚያ ሱቅ መቀየሪያ አለ» ማለት የለበትም። ለኢትዮጵያ ሶኬት የሚሆን፣ ኧርዝ ያለው፣ አቅሙ የተመሰከረለት ስፒና አስገጥሞ ማስረከብ ግዴታው ሊሆን ይገባል። አንድ ገጽ መመሪያም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አያይዞ ይስጥ፤ ሥራ ፈት የቻይንኛ መጽሐፍ ዳሽቦርድ ውስጥ ማስቀመጥ መመሪያ መስጠት አይደለም።

የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደረጃ ያወጣል፤ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገበያውን ይቆጣጠራል። 16 አምፔር ተጽፎበት የ6 አምፔር ሽቦ የያዘ ዲቫይደር በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲገኝ ያ የጽሑፍ ስሕተት ሊባል አይችልም፤ ማጭበርበር ነው። በዘይትና በስኳር ሚዛን የሚያታልል ነጋዴ እንደሚጠየቀው ሁሉ በሽቦ ውፍረት የሚያታልልም ይጠየቅ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትም መኪና የገዛ ደንበኛ ጭነቱን ሲያስመዘግብ መስመሩን አይቶ «ይችላል፣ አይችልም» የሚል ቀላል አሠራር ቢኖረው ለራሱ ትራንስፎርመርም ይጠቅመዋል። አንድ ሰፈር ውስጥ አምስት ሰው በአንድ ምሽት ሲሰካ የሚጎዳው የራሱ ንብረት ነውና።

አከራዮችም አሉ። ለተከራይ መኪና ማቆሚያ አከራይቶ ገንዘብ የሚቀበል ሰው መኪናው በምን እንደሚሞላ አይመለከተኝም ሊል አይችልም። ግድግዳው የእሱ ነው፤ ቢነድም የእሱ ነው። አንድ መስመር አዘርግቶ ወጪውን ከኪራዩ ጋር ማሰብ ለሁለቱም ይበጃል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። አሁን ቅጠሉ በእጅ አለ፤ መኪኖቹ በየወረዳ ከተማው ገና እየገቡ ናቸው፣ የሶኬቶቹ ጅማት ገና አልላላም። ነገ ከአሰላ ተነስቶ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ስለ ባትሪው ኪሎ ሜትርና ስለ ስክሪኑ ስፋት ከመጠየቁ በፊት ሻጩን ይህን ይጠይቀው፤ «ይህ ስፒና በእኔ ቤት የሚሰካው በምን ላይ ነው?» ሻጩ ወደ ዲቫይደር መደርደሪያ ከጠቆመው ገንዘቡን ኪሱ ይመልስ፣ ወደሚቀጥለው ሻጭ ይሂድ።